«ትርፍ አምራች» የሚለው ስም ልጅ አያሳድግም

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ግብሩ ትንሽ ስለሆነ ይጨመርበት፤ አካባቢውም ትርፍ አምራች ስለሆነ ድጎማ አያሻውም የሚል ክርክር ደጋግሞ ይጻፋል። አልቀበለውም።

ግብር በደረሰኝ ላይ ብቻ አይለካም። የቡሬ ገበሬ የመሬት መጠቀሚያውንና የእርሻ ገቢ ግብሩን ከፍሎ ሳሙናና ቆርቆሮ ሲገዛ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ ይጠብቀዋል። ነጋዴው ያስቀንሰዋል፤ እሱ ግን ከማን ያስቀንስ?

አማካይ ምርትም ድሃውን ይሸፍነዋል። በቆጋ መስኖ ማሳው ላይ ውኃ የደረሰለት ሰው በበጋም ያመርታል፤ መሬት የሌለው ወጣት በዚያው ማሳ የቀን ሠራተኛ ነው። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የድሆች ድጎማ መርሐ ግብር፣ ሴፍቲኔት፣ ግን አስቀድሞ የሚመርጠው ወረዳን ነው፤ ትርፍ አምራች በተባለ ወረዳ የሚኖር ድሃ ከደጁ ይቀራል።

በወረቀት ላይ ያማረ አሠራር መሬት ላይ ሲከሽፍ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርም በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ነበር፤ አሥራትን ሽሮ ገቢን ተከተለ። የጎጃም ገበሬ ግን ገማቹን አላመነም፤ ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ አመፀ። በመጨረሻ አስተዳዳሪው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉም ተማረ።

ግብር ይጨመር የምትሉ፣ መጀመሪያ የመሬት አልባውን ቤት ወጪ አስሉ። ሴፍቲኔቱም ከወረዳ በፊት ቤተሰብን ይመልከት።