ስለ ባንክ ሠራተኞች ሥልጠናና ስለ አካል ጉዳተኞች ድርሻ

የባንክ ሥራ በኢትዮጵያ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1898 ዓመተ ምሕረት የአቢሲንያ ባንክ በአዲስ አበባ በተከፈተ ጊዜ መሆኑ የታወቀ ነው። ባንኩ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የቆመ ስለ ነበረ ከፍተኛው ሥራ በውጭ አገር ሰዎች እጅ ነበረ፤ ከጠላት ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክም ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ገዥዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. ይኸው ባንክ በሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቋቋሙ ግን ብሔራዊ ባንክን በገዥነት የመሩት ኢትዮጵያዊው አቶ ምናሴ ለማ ሆኑ። ያገር ልጅ ሥራውን የተረከበው በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ስለ ተማረና ስለ ሠለጠነ ነው። ስለዚህ ዛሬ አካል ጉዳተኛ የባንክ ሥራ ይችላልን ተብሎ የሚነሣው ጥያቄ፥ ስሙ ተለወጠ እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም።

ሕጉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጠ ቆይቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን ቀዳሚ አዋጅ ተክቶ በ2000 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪ ሁሉ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራውንና የሥልጠናውን ሁኔታ እንዲያመቻች፥ ሥራውን ለማከናወን ወይም ሥልጠናውን ለመከታተል ረዳት ቢያስፈልገው እንዲመድብለት ደነገገ። ይህ አዋጅ መቀጠርን ብቻ ሳይሆን መሠልጠንንም በስሙ ጠርቶ መጻፉን ብዙ አለቆች ልብ አላሉትም። አንድ ሁለት አካል ጉዳተኞችን ቀጥሮ በስልክ ማነጋገሪያ ወይም በመዝገብ ቤት ማስቀመጥ ሕጉን እንደ መፈጸም የሚቆጠርበት ስፍራ ካለ፥ የተሰጠው ምጽዋት እንጂ ሥራ አይደለም።

የሕጉም ፍሬ የሚመዘነው በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተመረቀው፥ ከፍታው 209 ሜትር በሆነው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሳይሆን እንደ ዋጫ ባሉ ከተሞች ነው። ዋጫ በካፋ ዞን የጨና ወረዳ ከተማ ናት። ዝናቡ ብዙ፥ ሀብቱም ቡና ስለ ሆነ፥ በለቀማው ወራት ከገበሬውና ከነጋዴው እጅ የሚገባውና የሚወጣው ገንዘብ ይበረክታል፤ በዚያን ጊዜ በመስኮቱ በስተጀርባ የሠለጠነ ሠራተኛ መኖሩና አለመኖሩ ወዲያው ይታወቃል። በዚህ አገር ተወልዶ የተማረ፥ ጆሮው የማይሰማ አንድ ወጣት በእንዲህ ያለ ከተማ በባንክ ሥራ ተቀጠረ እንበል። ሥልጠናው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ባለችው በአዲስ አበባ ወይም በጅማ ይሰጣል ተብሎ ይጠራል። መምህሩ በቃል ያስተምራል፤ የምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው የለም። ወጣቱ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይመለሳል፤ ስሙም ከሠለጠኑት ጋር ይጻፋል። የደረጃ ዕድገት በመጣ ጊዜ ግን ፈተናው ባልሰማው ትምህርት ላይ ነው።

ጉዳቱም በዚህ አያበቃም። ባንኮች ለሠራተኞቻቸው በአነስተኛ ወለድ የቤትና የመኪና ብድር መስጠታቸው የተለመደ ነው፤ የብድሩም ልክ ደመወዝን፥ ደመወዝም ደረጃን ይከተላል። ጡረታም ቢሆን የሚሰላው በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ ነው። ስለዚህ በሥልጠናው በር የቀረ ሠራተኛ የሚያጣው የአንድ ሳምንት ትምህርት ሳይሆን ቤቱንና የሽምግልና ዘመኑን ጥሪት ጭምር ነው። የሕክምናም ነገር እንዲሁ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር፥ ክራንችና የመስሚያ መሣሪያ በሕክምና ወጪ ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም የሚለው በመመሪያ ተለይቶ ካልተጻፈ፥ ጉዳዩ ለአለቃ መልካም ፈቃድ የተተወ ይሆናል፤ አለቃም በየጊዜው ይለወጣል።

ዓይነ ስውር መዝገብ እንዴት ይይዛል የሚል ይኖራል። ይህን ለሊቃውንቱ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በቅኔውና በዜማው ጉባኤ ዓይናቸው ሳያይ መጻሕፍቱን በቃላቸው ይዘው ደቀ መዛሙርት ያወጡ መምህራን በየአድባሩ ነበሩና። በአራተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያን ትምህርት ቤት የመራው ዲዲሞስም በሕፃንነቱ ዓይኑ የጠፋ ሲሆን፥ በእንጨት የተቀረጹ ፊደላትን በእጁ እየዳሰሰ ተማረ። ዛሬ ደግሞ ብሬል አለ፤ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ የኮምፒዩተር መሣሪያ አለ። የሚያስቸግረው ዓይን አይደለም፤ ባንኩ መሣሪያውን ሲገዛና ሲያሠራ አስቀድሞ ይህን ሠራተኛ አለማሰቡ ነው።

ሌላም ሊታይ የሚገባው ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 ዓይነ ስውሩን ማንበብ ከማያውቀው ጋር በአንድነት አስቀምጦ፥ ፊርማው በውል አዋዋይ፥ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንዳያስገድደው አደረገ። ሐሳቡ ከተንኮለኛ ለመጠበቅ እንደ ነበረ አያጠራጥርም። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የሌላውን ሰው ብድር መርምሮ የሚያጸድቅ ዓይነ ስውር ሠራተኛ የራሱን የብድር ውል ለመፈረም እንዳልተማረ ሰው ሲቆጠር፥ ጥበቃው ወደ ማቃለል ይለወጣል።

ይህ ሁሉ ወጪ ያበዛል፥ የሚመለከተውም ጥቂት ሰው ነው የሚሉ አሉ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞች ከመቶ አንድ ያህል ሆነው መቈጠራቸው እውነት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ግን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ባወጣው መግለጫ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 15 ያህሉ አካል ጉዳተኛ መሆኑን ገልጿል። የኢትዮጵያ ቊጥር እንዲህ ማነሱ የጉዳተኛውን ጥቂትነት ሳይሆን በየቤቱ ተሸሽጎ የቀረውን ብዛት የሚያሳይ ይመስላል። ከዚህም በላይ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። እነዚህ ሲመጡ ደህና ሠራተኛን መፈለጋቸው አይቀርም፤ የሠለጠነ ሰው በማዕዘን አስቀምጦ መክረምም ለባንኩ ኪሳራ ይሆንበታል።

በመጨረሻም የቤቱ ጉዳይ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። በወረዳ ከተሞች ግን የባንክ ቅርንጫፍ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በኪራይ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ደረጃ ብቻ ሠርቶ ያከራያል፥ ባንኩም እንዳለ ይረከባል። የኪራይ ውል በየጥቂቱ ዓመት ይታደሳል። ምድር ቤትና የተዳፋት መግቢያ ያለው እንዲሆን አንድ መስመር በውሉ ላይ ለመጨመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ውሉን የሚፈርመው ሹም ብዕር ሲያነሣ ሊያስገባው ይችላል።