ጠይቁ፣ እንመልሳለን፦ ለመኪና ጎማ አየር ይሻላል ወይስ ናይትሮጂን?

ጥያቄ፦ የማኅበራችን የጭነት መኪና እህል ወደ ገበያ ይወስዳል። አንዱ ጎማ ግን በየሳምንቱ እየተነፈሰ መንገድ ላይ ያስቀረናል። ሾፌራችን «ከተማ ውስጥ ናይትሮጂን የሚሞላ ጎሚስታ አለ። በዚያ ይሞላልን» ይላል። ገንዘብ ያዣችን ደግሞ «ነፋስም በገንዘብ ይገዛል እንዴ?» ይላሉ። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ሾፌሩ ከንቱ ነገር አልተናገረም። የገንዘብ ያዡ ጥያቄም ተገቢ ነው። ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ናይትሮጂን ምንድን ነው?

ናይትሮጂን ከሩቅ የመጣ ነገር አይደለም። አሁንም እየተነፈሳችሁት ነው። አየር የብዙ ጋዞች ድብልቅ ነው። አየርን 100 ቦታ ብንከፍለው 78ቱ እጅ ናይትሮጂን ነው። 21ዱ እጅ ኦክስጂን ነው። የቀረው አንድ እጅ ሌላ ሌላ ጋዝ ነው። እንግዲህ ጎማ በተራ አየር ሲሞላ አብዛኛው ናይትሮጂን ነው ማለት ነው። ጎሚስታው የሚሸጠው ኦክስጂኑና እርጥበቱ የተቀነሰለትን አየር ነው።

ጥቅም አለው ወይ?

አዎ፣ ጥቂት ጥቅም አለው። ምንም ቀዳዳ የሌለው ጎማ እንኳ ቀስ በቀስ ይጐድላል። ኦክስጂን ላስቲኩን አልፎ ሲወጣ ከናይትሮጂን ይፈጥናል። ስለዚህ በናይትሮጂን የተሞላ ጎማ ዘግይቶ ይጐድላል።

ልዩነቱ ስንት ነው? ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለ የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2007 ይህን ፈትኗል። 31 ዓይነት የትንሽ መኪና ጎማዎች ወሰደ። ከየዓይነቱ አንዱን በአየር፣ አንዱን በናይትሮጂን ሞላ። የሁሉም ግፊት ፒ.ኤስ.አይ. በሚባለው መለኪያ 30 ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ደጅ አስቀመጣቸው። በአየር የተሞሉት በአማካይ 3.5 ጐደሉ። በናይትሮጂን የተሞሉት 2.2 ጐደሉ። ልዩነቱ በዓመት 1.3 ብቻ ነው። ሁለቱም ጐድለዋል። ሁለቱም መለካትና መሞላት ያስፈልጋቸዋል።

የእናንተ ጎማ ግን በየሳምንቱ ይተነፍሳል። ይህ የአየር ጥፋት አይደለም። ሚስማር ወግቶት ይሆናል። ወይም ቫልቮላው ያፈሳል። በቀዳዳ በኩል ናይትሮጂንም እንደ አየር ይወጣል። ሳሙና በውኃ በጥብጡና ጎማውንና ቫልቮላውን ቀቡት። አረፋ የሚኩረፈረፍበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ገንዘቡን ለማስጠገኛ አውጡት።

አውሮፕላንስ ለምን በናይትሮጂን ይሞላል?

አውሮፕላን ሲያርፍ ፍሬኑ እጅግ ይግላል። ኦክስጂን ደግሞ እሳትን ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ1986 በሜክሲኮ አንድ አውሮፕላን ወድቆ 167 ሰዎች አልቀዋል። በናይትሮጂን ፈንታ በአየር የተሞላ ጎማ በጋለ ፍሬን ምክንያት ፈንድቶ ነበር። ለአውሮፕላን ናይትሮጂን የሕይወት ጉዳይ ነው። ገበያ ደርሶ የሚመለስ መኪና ግን እንደዚያ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. የግፊት መለኪያ ግዙ። መለኪያው ላይ ያለውን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ። በእግር መትቶ ማወቅ አይቻልም።

2. ጠዋት፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ለኩ። ጎማ ሲሄድ ይግላል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ጎማው ግሎ ሳለ «በዛ» ብላችሁ አታስተንፍሱ።

3. ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር አጠገብ ወይም በመኪናው መምሪያ መጽሐፍ ተጽፏል። ጎማው ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ከፍተኛ ልክ ነው። ከዚያ ማለፍ አይገባም።

4. በናይትሮጂን የተሞላ ጎማ ቢጐድል አየር ጨምሩበት። ሁለቱ ቢቀላቀሉ ጉዳት የለውም። «ናይትሮጂን እስክናገኝ» ብሎ በጐደለ ጎማ መሄድ ግን አደጋ አለው። የጐደለ ጎማ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል። መኪናው ላይ ሰውም እህልም አለ።

ለገንዘብ ያዡ እንዲህ በሏቸው፦ ናይትሮጂን በነጻ ከተገኘ ይሞላ። በገንዘብ ከሆነ ግን መለኪያው ይቅደም። ለሾፌሩም እንዲህ በሉት፦ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ከመነሣትህ በፊት ለካ።

አንብባችሁ መልሱ

1. ከ100 እጅ አየር ስንቱ ናይትሮጂን ነው?
2. ጎማ የሚለካው መቼ ነው? ለምን?
3. በየሳምንቱ የሚተነፍስ ጎማ ምን ያስፈልገዋል?