ዕርቅን መማር የሚያስቅ ነገር አይደለም





የምጽፈው ከባሌ፣ ከገሰራ ነው። በዚህ ክረምት የእኅቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቶ ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ የሚማረው ምን እንደ ሆነ ተጠየቀ። «ግጭት የሚፈታበትንና ዜጋ ወገኑን አስተባብሮ የሚመራበትን ትምህርት ነው» ብሎ መለሰ። ቤቱ በሳቅ ተመላ። አንድ ጎረቤታችን «ሽማግሌ ለመሆን ሽበት እንጂ ዲግሪ መቼ ተጠየቀ?» አሉ። ልጁ አቀርቅሮ ዝም አለ። ከሳቁትም አንዱ እኔ ነበርሁ። ሌሊት ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ምክንያቱን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ሥራ ላይ ነበርሁ። ሁለት ወንድማማቾች አባታቸው የተዉላቸው የስንዴ ማሳ ወሰኑ ተለይቶ የይዞታ ደብተር እንዲሰጣቸው ማመልከቻ አቀረቡ። ጉዳዩ ከግማሽ ቀን የማያልፍ ሥራ ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ሌላ ቀን «ማኅተሙ ተቆልፎበታል»፣ በሦስተኛውም «ነገ ተመለሱ» እያልሁ ከጥር እስከ መጋቢት አመላለስኋቸው። የበልግ እርሻ ደረሰ። በአንድ ማለዳ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ትልም ላይ ተገናኙ፤ ታላቁም በያዘው ዱላ የታናሹን ክንድ ሰበረ። ነገሩ ከዚያ ሳይብስ የቀረው እናታቸው ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከላቸው ስለ ቆሙ ነው። በአርሲና በባሌ ሴት ወይዘሮ ሲንቄ ይዛ በመካከል ከቆመች ጠበኛ ሁሉ እጁን መሰብሰብ እንዳለበት የታወቀ ነው።

ፍርድ ቤቱ እንደ ሕጉ ፈረደ፤ ታላቁም ታስሮ ወጣ። ቂሙ ግን አብሮት ታስሮ አብሮት ተፈታ። በመጨረሻ የአገር ሽማግሎች በጃርሱማ ሥርዓት ሦስት ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። አንደኛው ሽማግሌ «ልጆቼ፣ መጀመሪያ ያናደዳችሁ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም የጠሩት የእኔን መሥሪያ ቤት ነበር። እኔ ከዳር ቆሜ እሰማ ነበር። ተጠርቼ ቀረብሁና በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። ታላቁም ለታናሹ ጊደር ክሶ ታረቁ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ «እንግዲያስ ዩኒቨርሲቲ ለምን?» የሚሉት ሰዎች ባሸነፉ። ነገር ግን ዕርቁ በጽሑፍ አልሰፈረም ነበርና አንዱ ሽማግሌ ሲያርፉ የወሰኑ ነገር እንደገና ተነሣ። ደግሞም ወንድማማቾቹ እኅት ነበረቻቸው፤ በዚያ ሁሉ ሦስት ቀን የእርስዋን ድርሻ የጠየቀ አልነበረም። ሽማግሎቹ ያላቸውን ትዕግሥት እኔ አልነበረኝም፤ የእኔን ወረቀትና የሕጉን ዕውቀት ደግሞ እነርሱ አልነበራቸውም። እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ጠፍቶ ነበር። የእኅቴ ልጅ ሊሆን የሚማረው ይህንኑ ሰው ነው።

ነገሩን ከአንድ ማሳ ወደ አገር ከፍ አድርገን እንየው። በባሌ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሣው ዐመፅ፣ መሪው ዋቆ ጉቱ በ1962 ዓ.ም. በድርድር እጃቸውን እስከ ሰጡ ድረስ፣ ብዙ ደም አፍስሷል። መነሻው ግብርና የመሬት ጉዳይ፣ የአስተዳደርም በደል ነበር። በሹም ደጅ ሰሚ ያጣ አቤቱታ የት እንደሚደርስ ከእኛ አገር ይልቅ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ዛሬ መንገዱ በሕግ ተከፍቷል። ሕገ መንግሥቱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በባለጉዳዮቹ ፈቃድ በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። በ2013 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት ስለ ግልግል ዳኝነትና ዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237ን አወጣ፤ በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ክልል የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቋመ። የገዳ ሥርዓትም በኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችን ደስ ብሎን ነበር። ሥልጣንን በስምንት ዓመት የሚያስረክብ ሥርዓት ለዜግነት አመራር ትምህርት ከውጭ አገር መጽሐፍ የማያንስ ምዕራፍ ነው። ቅርስ ግን ካልተማሩት የግድግዳ ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በበኩሌ ሦስት ነገሮች አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩትም ሆነ በቅርባችን በሮቤ ያለው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻቸውን ለልምምድ ወደ ወረዳ ቢልኩ፣ ከሽማግሎችና ከሲንቄ እናቶች እግር ሥር ቢያስቀምጡ። ሁለተኛ፣ እነዚህ ተማሪዎች የሽማግሎችን ዕርቅ በጽሑፍ እያሰፈሩ፣ የሴቶችም ድርሻ እንዳይዘነጋ እየጠየቁ ቢያገለግሉ። ሦስተኛው የእኛው የመንግሥት ሠራተኞች ፈንታ ነው። ግጭት የሚጀምረው ዱላ በተነሣበት ቀን አይደለም፤ ባለጉዳይ ከበራችን ያለ መልስ በተመለሰበት ቀን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ሳንገባ ዛሬውኑ ልንማረው የምንችለው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይመስለኛል።

የእኅቴን ልጅ በማግሥቱ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ይህንንም ታሪክ አጫወትሁት፤ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። «ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ ተገኘ» ሲለኝ ደስታዬም ኀፍረቴም አንድ ላይ ሆነብኝ።



አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከገሰራ