ሰባ እጅ ተግባር፣ ሠላሳ እጅ ንድፈ ሐሳብ፣ መቶ እጅ መጥረጊያ!

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ይላሉ አበው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት የጋለ ብረት ነው። አገራችን ግን ብረቱን ከእሳት አውጥታ መስፉ ላይ ካስቀመጠችው በኋላ መዶሻ ፍለጋ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ቀዝቅዞ ታገኘዋለች። ከዚያም «ይህ ትውልድ ሙያ አይወድም» ብላ ትወቅሰዋለች። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ የቀዘቀዘ ብረት ነው፤ ማለትም የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ በየጋራዡና በየብረታ ብረት ቤቱ ስለሚያሳልፈው የመጀመሪያ የልምምድ ዓመት።

ውድ አንባቢ፣ ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው ነገሩ ሁሉ ያማረ ነው። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ በ1996 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ስትራቴጂ ተነደፈ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የቀደመው አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 954 ተተካ። የሁሉም ማዕከል «የትብብር ሥልጠና» የሚባለው ነው። ሠልጣኙ ከጊዜው ሰባ ከመቶውን በሥራ ቦታ፣ ሠላሳ ከመቶውን በኮሌጅ ያሳልፋል ተባለ። በዚያው ዘመን ዩኒቨርሲቲዎችም ከሚቀበሏቸው ተማሪዎች ሰባ ከመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ ከመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሄድ ተወሰነ። ሰባ በሠላሳ ከላይ፣ ሰባ በሠላሳ ከታች! አገር በመቶኛ የምትሠራ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አውሮፕላን በሸመትንላት ፈንታ በቀረጽንላት ነበር።

እስቲ ስሌቱን ከአዲስ አበባ አዳራሾች አውጥተን ደምበጫ ላይ እናሳርፈው። ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላምና ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ የተቀመጠች፣ ገበሬ የከበባት የጎጃም ከተማ ናት። እንዲህ ባለች የመንገድ ዳር ከተማ ሙያ የሚለመድበት ቦታ የቱ ነው? በርና መስኮት የሚበይዱ ቤቶች፣ ባጃጅና አይሱዙ የሚጠግኑ ጋራዦች፣ ጎሚስታው፣ እንጨት ቤቱ፣ የእህል ወፍጮው። ብዙዎቹ ባለቤቱና አንድ ሁለት ረዳቶች ብቻ የሚሠሩባቸው ናቸው። የአካባቢው ኮሌጆች በየዓመቱ የሚመዘግቧቸውን የብየዳ፣ የአውቶ መካኒክና የኤሌክትሪክ ሠልጣኞች ሁሉ ሰባ ከመቶ ጊዜያቸውን እነዚህ ቤቶች ውስጥ አስገቧቸው ማለት ደግሶ ሳያበቃ ሺህ እንግዳ እንደ መጥራት ነው። ስትራቴጂውን የጻፈው ሰው መቶኛውን ሲያሰላ ወርክሾፖቹን አልቆጠረም።

ታዲያ ለማጁ ምን ያገኛል? በመጀመሪያው ወር መጥረጊያ ያገኛል። በሁለተኛው ወር ሻይ ይላካል። በሦስተኛው ወር ቱቦላሬ ይሸከማል፤ በአራተኛው የተበየደውን በብሩሽ ያጸዳል። የብየዳ መነጽሩ አንድ ነው፤ እሱም የባለቤቱ ነው። ልጁ አጠገብ ቆሞ በባዶ ዓይኑ ያያል፤ ሌሊት ዓይኑ አሸዋ እንደ ገባበት ይቆረቁረዋል። የደኅንነት ጫማ የለውም፤ ጣቱን ግራይንደር ቢቆርጠው ማን እንደሚያሳክመው የሚገልጽ ወረቀትም አልተፈረመም። ዓመቱ ሲያልቅ ቅጹ ላይ «አጥጋቢ» ተብሎ ማኅተም ይመታለታል። ከዚያም የብቃት ምዘና ፊት ይቀርብና አንድም ቀን ያልጨበጠውን ኤሌክትሮድ ጨብጥ ይባላል። በወደቀም ጊዜ ወደቀ የሚባለው እሱ ነው፤ ስትራቴጂው ሲወድቅ ሰምተን አናውቅም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚገርመው የቋንቋው ጣጣ ነው። ኮሌጁ የሚያድለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። ጋራዡ የሚናገረው ደግሞ ከጣሊያን የወረስነውን ነው፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ፣ ቶርኖ፣ ጎሚስታ። ልጁ ቤቱ የሚያስበው በአማርኛ ነው። ኮሌጅ የተማረውን መሣሪያ ጋራዥ ውስጥ በስሙ ቢጠራው ይሳቅበታል፤ የጋራዡን ስም ኮሌጅ ውስጥ ቢጠራ ማርክ ያጣል። እነዚያ የጣሊያን ቃላት ግን አንድ ቁም ነገር ይመሰክራሉ። ማንም ስትራቴጂ ሳይነድፍላቸው፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጌታ ወደ ለማጅ ተላልፈው ሰማንያ ዓመት ተሻግረዋል። ልምምድ በእውነት ሲኖር እንዲህ ሥር ይሰዳል።

«ድሮስ ለማጅ ወለል እየጠረገ አይደለም እንዴ የለመደው?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ጠርጓል። ነገር ግን የድሮው ለማጅ ጌታው ዘንድ ለዓመታት ይቀመጥ ነበር። ጌታው ዛሬ ያስተማረው ነገ ጉልበት ሆኖ እንደሚመለስለት ያውቃል። የዛሬው ሠልጣኝ ከኮሌጅ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፤ ለመሄድ የተቀጠረበት ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። አንድ ላሜራ ቢያበላሽ ኪሳራው የባለቤቱ ነው፤ ሙያ ቢለምድ ትርፉ የሌላ ነው። በኤሌክትሮድ ዋጋ የሚማረር ባለ ወርክሾፕ ይህን ልጅ መጥረጊያ ቢያስይዘው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሒሳብ ስለሚያውቅ ነው። ሒሳብ ያላወቀው መንግሥት ነው።

ሐሳቡን የተዋስነው ከጀርመን ነው። ጀርመኖች ግን ነገሩን የሚጀምሩት እኛ ከምንጨርስበት ነው። እዚያ ወጣቱ መጀመሪያ ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈራረማል፤ ደመወዝ ይቆረጥለታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ትምህርት ቤት የሚመላለሰው። ፈተናውን የሚያዘጋጁት የባለ ሙያዎቹና የነጋዴዎቹ ምክር ቤቶች ናቸው። እኛ ግን መጀመሪያ መዘገብን፤ ከመዘገብን በኋላ ድርጅት ፍለጋ ወጣን። ጋሪውን ከፈረሱ አስቀድመን ፈረሱ ለምን አይጎትትም እያልን እንገርፋለን።

ሕግ የለንም እንዳይባል ሕግ አለን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙያ ልምምድ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለው ክፍያና የሥራው ሁኔታ እንዲገለጽበት ያዝዛል። እስቲ ከየጋራዡ በር ላይ ቆማችሁ ከለማጆቹ ስንቱ እንዲህ ያለ ውል በኪሱ እንዳለ ጠይቁ!

የነገሩ ሥር ግን ከሕግም ይጠልቃል። ሙያን የምንንቅ ሕዝብ ነን። የጎጃም ገበሬ ማረሻውን ይወዳል፤ ማረሻውን የቀጠቀጠለትን ሰው ግን «ቡዳ» ይለዋል፤ ልጁንም አይድርለትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን መልኩን ለውጦ እንደ ቆመ ነው። ጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ ያኔ ከየአቅጣጫው የተሰማው ምክር «የወደቁት ቴክኒክና ሙያ ይግቡ» የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ሙያ የመውደቅ ቅጣት ሆነ ማለት ነው! በቅጣት የገባ ልጅ በፍቅር እንዲለምድ እንጠብቃለን።

ታሪክም አስተምሮን ነበር። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለ ሙያዎችን አስቀምጠው ሴባስቶፖልን አስቀልጠዋል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ሲመለሱ ባለ ሙያዎቹ አብረዋቸው ወጡ። መድፉ መቅደላ ላይ ቀረ፤ ሙያው ግን ተተኪ አላገኘም። ዛሬም መድፉን ብቻ መውደዳችን አልቀረም። የቡሬው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስ አለን። ደምበጫ ከቡሬ ሩቅ አይደለችም። ማሽኑን ማን ይጠግነዋል ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉን ያመሰው ጦርነት ደግሞ መንገዱን ሲዘጋ፣ መብራቱን ሲያጠፋና ኮሌጁን ሲያስተጓጉል፣ ያ የጋለ ብረት የበለጠ ቀዘቀዘ። መዶሻ ያልሰጠነው ወጣት ጠመንጃ የሚሰጠው እንደማያጣ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ውል ሳይፈረም ማንም ሠልጣኝ ወደ ሥራ ቦታ አይላክ። ሁለተኛ፣ ለለማጁ ምሳና ትራንስፖርት የሚችል አበልና የአደጋ መድን ይኑረው፤ ድኻ ገበሬ ልጁን ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት ተከራይቶ በነጻ ሊያሠራ አይችልም። ሦስተኛ፣ ለማጅ ለሚያስተምር ባለ ወርክሾፕ የግብር ቅናሽ ወይም የብረትና የኤሌክትሮድ ወጪ ይተካለት፤ መምህር ነውና እንደ መምህር ይከበር። አራተኛ፣ ወርክሾፑ የማይችለውን ቁጥር መዝግቦ ሰባ ከመቶ ብሎ ከመዋሸት፣ የሚችለውን ያህል መዝግቦ እውነቱን መናገር ይሻላል።

ገንዘብ የለም የሚሉ ይኖራሉ። አንድን ወጣት ሙሉ ዓመት አባክኖ፣ የምዘና ወጪ ከፍሎ፣ ጥሎ፣ እንደገና ማሠልጠን ርካሽ መስሎ የታየው ሰው ካለ ሒሳቡን ያሳየን። እስከዚያው ድረስ በየሪፖርቱ «ይህን ያህል ሺህ አሠለጠንን» ሲባል አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ፦ ከእነርሱ መካከል መዶሻ የጨበጠው ስንቱ፣ መጥረጊያ የጨበጠውስ ስንቱ ነው?

ቸር ይግጠመን።