ለዓይናችን የተነጠፈ ጠጠር

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ ሄሮን ይሁን ጋቦዴ፣ አኳሪየም ያለበት ሳሎን ስትገቡ ከመስታወቱ ሥር አብዛኛውን ጊዜ የምታዩት ከሁለት አንዱን ነው፤ ሰማያዊና ሮዝ ቀለም የተቀባ ጠጠር፣ አለዚያም ከኮር አምባዶ ባሕር ዳርቻ በፌስታል የመጣ ነጭ አሸዋ ከነዛጎሉ። ምክንያቱን ብትጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው፦ ዓሣ መሬት ይፈልጋል፣ ባዶ መስታወት ያስጨንቀዋል። ጎልድፊሹ ግን በዚህ ጉዳይ አስተያየት የተጠየቀ አይመስልም። ምርጫው የተደረገው ሶፋው ላይ ለሚቀመጠው እንግዳ ነው።

ጎልድፊሽ የትውልድ አገሩ ቻይና የሆነ የካርፕ ዘመድ ነው፤ ምግቡን በብዛት ከሥር ለቅሞ ይበላል። ሲበላ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት። አፉን እንደ ቱቦ ወደፊት ያሾልና የወለሉን አሸዋ ይምጋል፤ ለአፍታ እያላመጠ ያጣራል፤ የሚበላውን አስቀርቶ ቀሪውን ከፊሉን በአፉ፣ ከፊሉን በስንጥቡ ይተፋል። ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ስለሆነ የማገውን ነገር ከንፈሩ ላይ ነክሶ መለየት አይችልም። እንግዲህ ይህን አፍ የሽምብራ ፍሬ በሚያክል ጠጠር ላይ አሰማሩት! ሱቅ የሚሸጠው ባለቀለም ጠጠር በብዛት ይህንኑ ያክላል፤ ለመግባት የሚያንስ፣ ለመውጣት የሚተልቅ። ጠጠሩ ሲሰነቀርበት ዓሣው አፉን ከፍቶ ይቀራል፣ መብላት ያቆማል። ባለቤቱ ታመመ ብሎ መድኃኒት ውሃው ውስጥ ይጨምራል። መድኃኒት ደግሞ ድንጋይ አያወጣም፤ የሚያወጣው ዓሣውን በእርጥብ እጅ ይዞ በለስላሳ ወረንጦ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው ነው፣ እሱም በጊዜ ከደረሰ።

የባሕር ዳርቻው አሸዋ ጠበቆች ሌላ ክርክር አላቸው። ጉዳቱ ከጨው ነው፣ ሦስት አራቴ ካጠቡት ንጹሕ ነው ይላሉ። ጨውስ በእርግጥ ይታጠባል። አሸዋው ራሱ ግን የተፈጨ ኮራልና ዛጎል ነው፤ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት። ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፣ ሲንተከተክ ታያላችሁ። ይህ በማጠብ የሚለቅ ቆሻሻ አይደለም።

እዚህ ላይ የእኛ ወገን ተቺዎችም ያጋንናሉ። ካርቦኔት ውሃውን ስለሚያጠነክር ዓሣውን ይገድላል የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። ጎልድፊሽ ጠንካራ ውሃ ይችላል፣ የሚስማማው ጊዜም አለ። ጣጣው ያለው አሞኒያው ላይ ነው። ጎልድፊሽ ከትንሽ አካሉ የማይጠበቅ ያህል አሞኒያ ያወጣል። ያ አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ ብዙ የማይጎዳ፣ ሌላው ስንጥብ የሚያቃጥል መርዝ። የትኛው እንደሚያይል የሚወስኑት የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) እና ሙቀቱ ናቸው። ገንዳ እየቆየ ሲሄድ በባክቴሪያዎች ሥራ ውሃው ወደ አሲድነት ያዘነብላል፤ ይህም መርዙን ያለዝበዋል። የኮራል አሸዋ ግን እየሟሟ አሲዱን ያጠፋና ፒኤቹን 8 አካባቢና ከዚያ በላይ ይዞ ያቆየዋል።

ከአዲስ አበባ ለመጣነው፣ አገር ቤት ሳለን ይህ ችግር ብዙም አይታወቀንም ነበር። 20 ዲግሪ በሆነና ፒኤቹ 7.2 በሆነ ውሃ ውስጥ፣ ከጠቅላላው አሞኒያ በመርዝ መልክ ያለው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ውሃው 30 ዲግሪ፣ ፒኤቹ 8.2 ሲሆን ግን ከመቶ 11 ገደማ ይደርሳል። የዓሣው ቁጥር ያው፣ ምግቡ ያው፣ መርዙ ግን ወደ 18 እጥፍ! በሙቀቱ ወራት የውጭው አየር ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት ከተማ 30 ዲግሪ የገንዳ ውሃ ብርቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ የመጣው ወገናችን አገር ቤት የለመደውን አኳሪየም እንዳለ ጅቡቲ ላይ ሲተክል፣ አየሩም ውሃውም እንደተቀየረበት ልብ አይልም። የቧንቧ ውሃውም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጨው ጨው የሚለው የጉድጓድ ውሃ አለ፣ ከኢትዮጵያ በቧንቧ የሚመጣው አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመረው የዶራሌ ጨው ማጣሪያ የሚወጣውም አለ። ጨው የተጣራለት ለስላሳ ውሃ ላይ የኮራል አሸዋ ሲጨመር ለውጡ የበለጠ ይጎላል።

ጠጠር ለጠቃሚ ባክቴሪያ ቤት ይሆናል የሚለው መከራከሪያ እውነት አለው። ነገር ግን የማጣሪያው ስፖንጅ ለዚሁ ሥራ በቂ ነው፤ ለዚያውም ውሃ እየተላለፈበት። ወፍራም ጠጠር ሥር የተጠራቀመ የምግብ ትርፍራፊና ኩስ ግን ኦክስጅን እየበላ ይበሰብሳል። ሙቅ ውሃ ደግሞ ቀድሞውንም ኦክስጅኑ ትንሽ ነው፤ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ የነበረው በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። መብራት ሄዶ ማጣሪያው ሲቆም ቀድሞ የሚታፈነው ዓሣው ነው።

ስለዚህ በዚህ ከተማ ለጎልድፊሽ የምመርጠው ወለል ባዶ መስታወት ነው። ኩሱ ይታያል፣ በቱቦ ተስቦ ይወጣል፣ ያበቃል። አያምርም የሚል ካለ፣ ጎረቤት አገር ድረስ መሄድ የለበትም፤ ጅቡቲ የእሳተ ገሞራ አገር ናት፣ ጥቁር ባዝልት የትም አለ። የዓሣው አፍ ውስጥ የማይገባ፣ ቡጢ የሚያክል፣ ጠርዙ የማይቆርጥ፣ ኮምጣጤ የማያንተከትከው ድንጋይ ሁለት ሦስት ይበቃል። መቆፈሩን እንዲለማመድ እፈልጋለሁ የሚል ደግሞ ደቃቅና የማያንተከትክ አሸዋ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ሳያስበልጥ ያንጥፍ። ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ግን አይዛቅ፤ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፍ ጎርፍ ምን እንዳስቀመጠበት ማንም አያውቅም። ዛጎሉን ለልጆቹ ስትሉ ከሆነ፣ ከመስታወቱ ውጭ መደርደሪያ ላይም ያምራል። ኮራሉስ? ከሙሻ ደሴት ተነቅሎ ከመጣ ጥፋቱ ከጎልድፊሹም ያልፋል።

አሁን ጠጠር ያነጠፋችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ዛሬውኑ ሁሉንም አትዛቁት። ባክቴሪያው አብሮ ይወጣና አሞኒያው በማግስቱ ይከመራል። በየሳምንቱ ሩቡን አውጡ፤ በእነዚያ ሳምንታት የማጣሪያውን ስፖንጅ አትጠቡ፣ ምግብም ቀንሱ።