ብሔራዊ ፈተናን ማለፍ የተመኙት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ይበቃልን?

በ2017 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት 8 ነጥብ 4 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ወንፊት ያለፈ ልጅ ያለው ቤተሰብ ልፋቱ ያበቃ ቢመስለው አይፈረድበትም። ተፈላጊ በሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ሁለተኛ ወንፊት አለ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወዲህ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና መምረጥ ጀምሯል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም ከተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች መካከል በፈተና ሲመርጡ ቆይተዋል።

«ያለፈ ልጅ ለምን ዳግም ይፈተናል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ብሔራዊው ፈተና ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ብቁ የሆነውን ይለያል፤ የተቋሙ ፈተና ደግሞ ብቁ የሆኑትን ለውስን ቦታ ያወዳድራል። «ማመልከቻውን ማን ይሞላል?» ለሚለው መልሱ ተማሪው ራሱ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚመዘግበው በበይነ መረብ ነው። የምዝገባው ቀን ካለፈ ጥሩ ውጤት ብቻውን አያስገባም።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ የሚኖር የአርሶ አደር ልጅ ማስታወቂያውን የሚሰማው ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሚያበላልጠው ዕውቀት ሳይሆን መረጃ የማግኘት ዕድል ይሆናል። ስለሆነም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውጤት ከማሳወቅ ባሻገር የምዝገባ ቀንን መከታተልና ተማሪዎቻቸውን ማስመዝገብ ይጠበቅባቸዋል። ወላጅም ውጤት እንደተሰማ «ስንት አመጣህ?» ብሎ ሳያበቃ «ምዝገባው መቼ ነው?» ሊል ይገባል።