የ2010 ዘፈኖቼን አሁን ልምረጥ

የዓመቱ ምርጥ ዘፈን መመረጥ ያለበት ዓመቱ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ። ጳጉሜ በመጣ ቁጥር ኤፍ ኤሞቹ የዓመቱን ዘፈን ምረጡ ይላሉ፤ አድማጩም እየደወለ፣ መልእክት እየላከ ይመርጣል። ዝግጅቱን እወደዋለሁ፤ የስፌት ማሽኔን አቁሜ የምሰማበት ጊዜም አለ። ምርጫው ግን ሁልጊዜ ወደ ቅርቡ ያደላል። ነሐሴ ላይ የወጣው ዘፈን ጥቅምት ላይ የወጣውን የሚያስከነዳው ገና ከጆሮ ስላልወጣ ነው። ቪዲዮው ያማረለት፣ ዘፋኙ በየቴሌቪዥኑ የቀረበለት፣ የሠርግ ወቅት የደረሰለት ይቀድማል። እኔ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እሰፋለሁ። የጥበብ ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁ የሚታወቀው ልብሱ ታጥቦ ነው፤ ዘፈንንም የምመዝነው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምመርጠው የዘንድሮን አይደለም፤ የ2010ን ነው።

በዚያ ዓመት ወሬውና ዘፈኑ ተደባልቆ ነበር የሚደርሰን። የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ አስገቡ፤ በማግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጋቢት 24 ቀን ዐቢይ አህመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሐምሌ ሲገባ ከአሥመራ ጋር ሰላም ወረደ። በብዙ የክልል ከተሞች የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ስለነበር ደሴ ላሉት ዘመዶቼ አዲስ ዘፈን የምልከው በሚሞሪ ካርድ፣ በሚሄድ ሰው ነበር። እኔ ቤት ያለው ሬዲዮ ፍላሽ የሚቀበል ነው፤ ጠዋት ከተከፈተ የሚዘጋው ሱቁ ሲዘጋ ነው። ከጎኔ ያሉት ሸማኔዎች አብዛኞቹ የጋሞ ልጆች ናቸው፤ ዘፈን ካልጣማቸው በግድግዳው በኩል ቀይሪው ይሉኛል። በዚያ ዓመት የወጣው ሁሉ በእነሱም ጆሮ አልፏል።

አንድ ደንብ አለኝ፤ ዓመት ማለት ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ነው። በዚህ ደንብ የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም ይወጣብኛል፤ የታተመው ሚያዝያ 2009 ነውና። «ማር እስከ ጧፍ» በመውጣቱ አዝናለሁ። የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ አንድም ቀን ያልገለጡ ልጆች ስለ ሰብለወንጌልና ስለ በዛብህ ሲከራከሩ የሰማሁት በዚያ ዘፈን ምክንያት ነው፤ ጥር 2010 ባሕር ዳር ላይ ኮንሰርቱን ያደረገ ጊዜም ሰዉ የሚያወራው ስለዚያው አልበም ነበር። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው።

ከሐምሌና ከነሐሴ ልጀምር፤ ብዙው ዘፈን የወጣው ያኔ ነው። በየቀኑ ማለት ይቻላል ስለ አንድነት፣ ስለ ይቅርታ፣ ስለ አዲስ ዘመን ነጠላ ዜማ ይለቀቅ ነበር። ደስታው እውነተኛ ነበር። የአሥመራ በረራ የተጀመረ ዕለት፣ ሐምሌ 11፣ ሰፈራችን ውስጥ ያልለቀሰ አልነበረም፤ እኔም አልቅሻለሁ። ዘፈኖቹ ግን አልቆዩም። ዛሬ ላንጎራጉር ብል ከእነዚያ ውስጥ ዜማው የሚመጣልኝ የለም። ምክንያቱ የዘፋኞቹ ድምፅ አይደለም፤ አንዳንዶቹ አገሪቱ ካሏት ድምፆች የተመረጡ ናቸው። ግጥሙ ማታ በዜና የሰማነውን ጠዋት በቤት በመታው ቋንቋ የሚመልስልን ነበር። ዜማው ቀድሞ ከምናውቀው የአገር ዘፈን ተቆርሶ የተወሰደ፣ ቅንብሩ ደግሞ በሁለት ቀን የተሠራ ይመስል ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት። ደስታ ሲኖር ሰው ይህን አይመረምርም፤ መመርመርም የለበትም። ችግሩ ደስታው ሲያልፍ ዘፈኑ ብቻውን የሚቆምበት እግር ማጣቱ ነው።

በዚያው ሰሞን ከአዲሶቹ ይልቅ እኔን የያዙኝ የቆዩ የትግርኛ ዘፈኖች ነበሩ። ታክሲ ውስጥ የአብርሃም አፈወርቂ ድምፅ በግላጭ ተከፍቶ ስሰማ ለረጅም ጊዜ ተደብቆ የኖረ ዘመድ ድንገት በር ላይ የቆመ መሰለኝ። ኤርትራዊው ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ2006 ያረፈ ነው፤ የ2010 ምርጫ ውስጥ አይገባም። ጥቅምት 2013 የትግራዩ ጦርነት ከጀመረ ወዲህ የሐምሌውን የአቀባበል ዘፈን ሁሉ መስማት አቅቶኛል፤ የአብርሃምን ግን አሁንም እከፍታለሁ። እሱ የዘፈነው ለአቀባበል አልነበረም።

በዜና መካከል ተወልዶ ያላረጀ አንድ ዘፈን አለ፤ የሃጫሉ ሁንዴሳ «ጅራ»። የወጣው ዓመቱ ገና ሲጀምር ነው፤ ለውጥ የሚባለው ነገር ከመምጣቱ በፊት። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ያኔ እንዲህ ብሎ መዝፈን ዋጋ የሚያስከፍል ነበር፤ የአምቦው ልጅ ደግሞ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ታስሮ አምስት ዓመት እስር ቤት ያሳለፈ ስለሆነ ዋጋውን በወሬ አላወቀውም። ከዚያ ሚሊኒየም አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥቶ በባለሥልጣናቱ ፊት ሲዘፍን፣ በኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ በቀጥታ ሲተላለፍ አየሁት። ኦሮምኛ የምሰማው በከፊል ነው፤ ያልገባኝን ረዳቴ እየነገረችኝ ነው የተከተልኩት። ከግጥሙ በፊት ግን የያዘኝ አዘፋፈኑ ነው። አይለምንም፤ አያለቅስም። ድምፁን ከፍ የሚያደርግበትን ቦታ ያውቃል፣ ከዚያ በፊት አይቸኩልም። በሥራ መካከል «ጅራ» ሲገባ ሸማኔዎቹ ቀይሪው ብለውኝ አያውቁም። ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ገና ወጣት ነበር። ዘፈኑን አሁን ስሰማ ይህን መርሳት አልችልም፤ ሞቱን ባላውቅም ግን ከ2010 ዘፈኖች ሁለተኛ አድርጌ የማስቀምጠው ይኸው ነበር።

የሮፍናን «ነጸብራቅ» ሱቄ የገባው በረዳቴ ፍላሽ ነው። እሷ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላትም። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በኢትዮጵያ ምት መሥራት የጀመረው እሱ አይደለም፤ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ቀድመውታል፤ የእነሱ ሥራ ግን ሽሮ ሜዳ አልደረሰም፤ በውጭ አገር አሳታሚዎች በኩል ወጥቶ እዚያው ተሰማ። ሮፍናን ያንን ድምፅ ታክሲ ውስጥ፣ ሠርግ ቤት፣ እኔ ሱቅ አስገባው። ለዲጄ የተሠራ ሙዚቃ ላይ የገጠር ዜማ ሲጨመር ብዙ ጊዜ ዜማው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በ«ነጸብራቅ» ግን ምቱ ራሱ ከእኛ እስክስታ ተነሥቶ ነው ወደ ማሽኑ የሚገባው፤ ትከሻ ሳይጠየቅ ይመልስለታል። ቅንብሩ ከግጥሙ ይበልጥብኛል፤ ግጥሙ አንዳንድ ቦታ ከልክ በላይ ያብራራል። ሆኖም ዛሬም ልጆች ሲከፍቱት ከእነሱ እኩል የምሰማው አልበም ነው። ከዓመታት በኋላ ከዩኒቨርሳል ሙዚቃ ኩባንያ ጋር ሲፈራረም አልገረመኝም።

የቤቲ ጂ «ወገግታ» ድምፅ እንዲህ ተጠርቶ፣ ሳይጯጯህ ሊቀዳ እንደሚችል ያሳየ አልበም ነው። ኅዳር 2011 አክራ ላይ በአፍሪማ ሽልማት አሸናፊ ስትሆን፣ በኋላም በኦስሎ የኖቤል ሥነ ሥርዓት ላይ ስትዘፍን ሰው ሁሉ አያት፤ ስለዚህ የእኔ ምስክርነት ብዙም አያስፈልጋትም። የጃኖ ባንድ «ለራስህ ነው»ም የዚያው ዓመት ነው። የሮክ ጊታሩ ለሥራ ቦታ ስለማይሆነኝ እሑድ ቤቴ እሰማዋለሁ፤ አራቱ ዘፋኞች ሲቀባበሉ ደስ ይለኛል። ከዚህ በላይ ብል ለማስረዘም ይሆናል።

አሁን ወደ አንደኛው ልምጣ።

የካቲት 16 ቀን 2010፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መልቀቂያ ካስገቡ ስምንተኛው ቀን ላይ፣ የኃይሉ መርጊያ «ላላ በሉ» አልበም በአሜሪካው ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በኩል ወጣ። እኛ ሰፈር ያን ቀን ስለ ሙዚቃ ያወራ ሰው አልነበረም። ዘፈኖቹን የላከልኝ ቨርጂኒያ ታክሲ የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሽ ኃይሉም እዚያው አካባቢ፣ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነድተዋል፤ ኪቦርዳቸውን በመኪናው ዕቃ መጫኛ ይዘው ተራ እስኪደርሳቸው ድረስ ኋላ ወንበር ላይ ይለማመዱ እንደነበር በብዙ ቃለ ምልልስ ተናግረዋል። ወንድሜ ይህን የሚነግረኝ በኩራት ነው፤ ሙያው የእሱም ነውና።

ኃይሉ መርጊያ ማን እንደሆኑ ለወጣቱ አንባቢ ልናገር። በዋልያስ ባንድ ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። ባንዱ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ሒልተን ይሠራ ነበር፤ ሰዓት እላፊ ስለነበር የገባው ታዳሚ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ሙዚቃው እስኪነጋ ይቀጥላል። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባለውን በዓለም የዞረ ሙዚቃ የተጫወቱት እነሱ ናቸው። ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሲሠራ ቆይቶ ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ ቀረ፤ ጋሽ ኃይሉ ከቀሩት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 እዚያው ሆነው አኮርዲዮናቸውን ከኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር አድርገው አንድ ካሴት ሠሩ። ያ ካሴት ነው ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እጅ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና የታተመው። እኛ የረሳነውን ሰው መልሶ ያመጣው የውጭ ዜጋ መሆኑ ያንገበግበኛል፤ ላደረገው ግን አመሰግነዋለሁ።

«ላላ በሉ» ስድስት ሙዚቃ ነው። ከሳቸው ጋር የሚጫወቱት ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው፤ ድራሙን ቶኒ ባክ፣ ቤዙን ማይክ ማጅኮውስኪ። የሚከፈተው በ«ትዝታ» ነው፤ አሥር ደቂቃ ያህል። ብዙ ሰው ትዝታ ሲጫወት ከመጀመሪያዋ ድምፅ ጀምሮ ያዝናል። እሳቸው አኮርዲዮኑን ቀስ ብለው ይከፍታሉ፣ ኀዘኑን ያሳዩናል፣ ከዚያ ምቱን ይቀይሩና ያራምዱታል። እናቴ ወሎ ውስጥ ጥጥ ስትፈትል አምባሰልና ትዝታ ታንጎራጉር ነበር፤ እጇ ግን አይቆምም ነበር። ትዝታ ሥራ የማያስፈታ መሆኑን ከእሷ ነው የማውቀው፤ በሙዚቃ መሣሪያ ብቻ እንዲህ ሲጫወቱት ከዚያ በፊት አልሰማሁም። «አንቺሆዬ ለኔ» ላይ ቅኝቱን ጠብቀው ነፃነት ሲወስዱ፣ «ጉም ጉም» ላይ ደግሞ እንደ ወጣት ሲሮጡ ትሰማላችሁ። «ላላ በሉ» በሚለው ላይ በድምፃቸው ይገባሉ፤ እዚያ ላይ እኔ ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ይላል።

የመጨረሻው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ነው። ፒያኖ ብቻ። ድራሙም ቤዙም የሉም። በ1930ዎቹ የተወለዱ ሰው፣ አሥርት ዓመታትን በመንገድ ላይ ያሳለፉ፣ ሊያሳዩን የሚችሉት ስንት ችሎታ እያላቸው ጣታቸውን ገታ አድርገው የሚጫወቱት ነው። በሁለት ድምፅ መካከል የሚተዉት ክፍተት አለ፤ ቸኩለው አይሞሉትም። በዚያ ዓመት ሁሉም ሰው የሚናገረው ነበረው፤ ባለሥልጣኑም፣ ተቃዋሚውም፣ ዘፋኙም፣ እኛም። ከተባለው ሁሉ ሳይደበዝዝ የቀረልኝ ቃል የሌለው ይኸ ሙዚቃ ነው። ጥልፍ ላይ ሐሳቤ ሲበታተን እሱን እከፍታለሁ፤ ሸማኔዎቹም ወደውታል።

ሰዎች ዜማ ያለ ግጥም የዓመቱ ዘፈን አይባልም ይሉኛል። በኢትዮጵያ ሬዲዮ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ለዜና ማሟሻና ለማስታወቂያ ማጀቢያ ሆኖ ስለኖረ ነው እንዲህ የለመድነው። ጌታቸው መኩሪያን በሳክስፎኑ፣ ሙላቱ አስታጥቄን በቫይብራፎኑ ያፈራች አገር ይህን ልማድ ይዛ መቀጠል የለባትም።

ለኤፍ ኤም አዘጋጆች አንድ ጥያቄ አለኝ። በመጪው ጳጉሜ ከዘንድሮው ምርጫ ጎን አንድ ሰዓት ቆየት ላለ ዓመት ስጡ፤ አድማጩ ያኔ ያጨበጨበለትን ሳይሆን ዛሬም የሚከፍተውን ይምረጥ። ዘፈኑን ስታሰሙም የዘፋኙን ስም ብቻ ጠርታችሁ አትለፉ፤ ግጥሙን፣ ዜማውንና ቅንብሩን የሠሩትን ጨምሩ። የ2010 ተራ ሲደርስ የእኔ ድምፅ ለኃይሉ መርጊያ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ነው።